ቀለሙ የጠፋ አደራ

«ቲቸር፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ሀስና ከመሀረቧ ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠችው የርግብ እንቁላል የሚያህል፣ ልሙጥና ጥርት ያለ ድንጋይ ነበር። የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ስለነበር ድንጋዩ ያረፈው አንዱ ወረቀት ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ተማሪው መልሱን ስቶታል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

«የጠርሙስ ስባሪ ይመስላል» ልል አፌን ስከፍት፣ በሩ ላይ የቆመችውን አማከለችን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። አፌን መልሼ ዘጋሁ። አፍ መዝጋት የማይሆንልኝ ሰው መሆኔን የመርሳ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያን ቀን ግን እግዜር ረዳኝ።

አማከለች የቤት አከራዬ ናት፤ የቀበሌ ጸሐፊ። ሀስና ከአጥሩ ወዲያ ያለች ጎረቤቷ ስትሆን መናኸሪያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ኬሚስትሪ ላስተምር መርሳ መጥቼ በዚያው የቀረሁ። ሦስታችንም የአንድ ዘመን ሴቶች ነን፤ እነሱ ሁለቱ ግን እኔ ሳልመጣ ጀምሮ እሳት ሲጫጫሩ፣ አንዷ ለአንዷ ሐዘን ስትቀመጥ የኖሩ ናቸው። አንድ ቀን እንኳ ሲኮራረፉ አይቼ አላውቅም። በዚህ ስቀናባቸው ኖሬያለሁ።

ድንጋዩ የሀስና ባል የአብዱልሐሊም ቅርስ ነው። አብዱልሐሊም የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ደላንታ እህል አራግፎ ሲመለስ ከቆፋሪዎች የገዛው ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ነው። ሲሞት ከዚህ ሌላ የተወላት ነገር ቢኖር የማይነሳ መኪና ነው። ሀስና ሲከፋት አውጥታ ታየው ነበር። እኔ አይቼው ባላውቅም ስታወራ ሰምቻለሁ፤ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ፣ ስታገላብጪው ቀይና አረንጓዴ እሳት ውስጡ ይሯሯጣል።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ መርሳ ጓዟን አነሳች። እኔም ሸሸሁ። ሀስና ልጆቿን ይዛ ወደ ኮምቦልቻ ስትወጣ መንገድ ላይ ያለውን ፍተሻ ፈርታ ድንጋዩን ለአማከለች ሰጠቻት። አማከለች እናቷ የአልጋ ቁራኛ ስለሆኑ የትም አልሄደችም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ተባብለው ተለያዩ። ታኅሣሥ ላይ ከተማው ሲለቀቅ ሁላችንም ተመለስን፤ የሀስና ሱቅ ግን መደርደሪያው እንኳ ሳይቀር ተግዞ ተወስዷል። ልጆቿን ይዛ እንደገና የምትቆመው በዚህ ድንጋይ ነበር። አማከለች አምጥታ እጇ ላይ ስታኖርላት፣ ይኸው ይኼ ሆነ።

«የኔ ድንጋይ እሳት ነበረበት» አለች ሀስና፣ እኔን ሳይሆን አማከለችን እያየች። «ይኼ ብርጭቆ ነው።»

«የሰጠሽኝን ነው የሰጠሁሽ። እግዜር ምስክሬ ነው።»

«የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

አማከለች መሬት መሬት አየች። «ሣጥን ውስጥ።»

ሣጥኗ ተሰብሮ ያለ የሌለ ልብሷ መወሰዱን ለመንደሩ ሁሉ ያወራችው ራሷ ናት። ሀስና ይህን ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ።

«ነጠላሽን እንኳ ያልተዉልሽ ሰዎች ድንጋዩን ተዉልሽ? ያ ረቢ!» አለችና ድንጋዩን ትታው ወጣች። አማከለች አንስታ በመቀነቷ ቋጠረችው። 

ሀስና በቀጥታ የሄደችው ሸህ ጀብሪል ዘንድ ነው። ሸህ ጀብሪል የአገራችን አባጋር ናቸው፤ ደም የተቃባ የሚያስታርቁ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን የሚሰማ። ሁለቱንም አስቀርበው አዳመጡና ፍርዱን ሰጡ። በሚመጣው ጁምዓ፣ ከሶላት መልስ፣ አማከለች ድንጋዩን የት እንዳኖረችና እንዳልለወጠች በቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ ትማላለች። ከማለች ሀስና ታምናለች፤ ነገሩ ያበቃል።

የሚያበቃው ግን ሌላም ነገር ነበር። በእኛ አገር የማለና ያስማለ ሰው ከዚያ ወዲያ እሳት አይጫጫርም። አንዱ ሲታመም ሌላው በአጥር ቀዳዳ ያያል እንጂ ደጅ አይረግጥም። አማከለች ካልማለች ደግሞ አደራ በላ ተብላ ቀረች። ከሽምግልናው ስትመለስ ግቢው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እጇን ጭኗ መሀል ከትታ አየኋትና አጠገቧ ሄድኩ።

«ማይ፣ ምን አስፈራሽ?» አልኳት፣ እንደ ወትሮዬ አቆላምጬ።

«አልምልም» አለች፤ ያን ብቻ።

እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ። ያልሰረቀች ሴት መማል ለምን ትፈራለች? ወተት የነበረ ድንጋይስ እንዴት ብርጭቆ ይሆናል? ሁለቱንም አስፈቅጄ ድንጋዩን ወሰድኩት። አማከለች ከጓዳ ይዛልኝ ወጥታ ስትሰጠኝ በጨርቅ እየጠረገችው ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ስለ ጠጣር ነገሮች ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ቤተ ሙከራ ስላልነበረን ልጆቹ ይሸመድዳሉ፣ እኔም አስሸመድዳለሁ፤ አሁንማ ትምህርት ቤቱ ካምፕ ሆኖ ስለቆየ ወንበርም የለን። ሆኖም ጨውና ጠርሙስ ከየትም አይጠፋም። የጨው ቅንጣት ብትፈጪው፣ ብትፈጪው፣ ትንሿም ፍርፋሪ ጠርዟ ቀጥ ያለ ነው፤ ውስጧ ያሉት ቅንጣቶች እንደ ሰልፈኛ ተራ ይዘው ስለቆሙ በተራው መሀል ትሰነጠቃለች። ጠርሙስ ግን ውስጡ ግርግር ነው። ተራ የለውም፤ ስለዚህ ሲሰበር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ጎበጥ ብሎ ይሰበራል። ድንጋዩን ገልብጬ አየሁት። ጫፉ ላይ ጥንት የተፈነከተች ቦታ አለች፤ ጎበጥ ያለች።

ይሄ አላስደሰተኝም። ኦፓልም ከነጠርሙስ ወገን መሆኑን አንብቤያለሁ፤ ውስጡ ያ የጨው ዓይነት ተራ የለውም። ስለዚህ ስብራቷ ማንንም አታስርም፣ ማንንም አትፈታም። ለማንም ሳልናገር ኑርሁሴን ዘንድ ሄድኩ።

ኑርሁሴን ወርቅና ብር ነጋዴ ነው። ሚዛኑን ወራሪ እንዳያገኝበት በረት ውስጥ ቀብሮ ያተረፈ ሰው ስለሆነ እንደ ልጁ ያየዋል። ያሰብኩት ቀላል ነበር፤ ክብደቱን እይዛለሁ፣ በማግስቱ በመለኪያ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከትቼ ይዘቱን አያለሁ፣ ለእኩል ይዘት ጠርሙስ ከኦፓል ይከብዳልና ይለያል። የሚዛኑ ጥቃቅን ድንጋዮች ጠፍተው ስለነበር በሽምብራና በስንዴ ፍሬ አመዛዘንነው። ፍሬዎቹን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ድንጋዩን እሱ በብረት ሣጥኑ ቆልፎበት ተለያየን። የገለልተኛ ሰው ቤት ይደር ብዬ ነው።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱን የተረፈ መለኪያ ብርጭቆ ይዤ ሄድኩ። ኑርሁሴን ድንጋዩን በአንዱ ሳህን፣ ያንኑ ሽምብራና ስንዴ በሌላው አደረገ። የእህሉ ወገን ዝቅ አለ።

«ሽምብራው አድሮ ወፈረ እንዴ?» አልኩት።

ኑርሁሴን አልሳቀም። «ወላሂ፣ ቲቸር፣ ሣጥኑን አልከፈትኩም!» አለኝ። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ሁለተኛው ተከሳሽ እሱ ሊሆን ነው።

አንዲት ስንዴ አነሳሁ። ሌላ አነሳሁ። ብዙ ካነሳሁ በኋላ ሚዛኑ ተስተካከለ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ አማከለችንም ሀስናንም ረሳኋቸው፤ ደስታ ነው የተሰማኝ። ድንጋይ ይከሳል? ጠርሙስ አይከሳም። ጨው አይከሳም። ሀስና ጨርቅ መሀል የምትጥለው ያ ነጭ የብል መድኃኒት ይከሳል፤ የእሱ ቅንጣቶች ላላ ብለው ስለተያያዙ አንድ በአንድ እየተነሱ በአየር ይሄዳሉ። እሱ ግን ይሸታል፣ ያንሳልም። ይህ ድንጋይ ሽታ የለውም፣ መጠኑም ያው ነው። እንግዲህ የሄደው ድንጋዩ ሳይሆን ውስጡ የነበረ ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

አንስቼ ምላሴ ላይ አደረግኩት። ጥብቅ አለ! ሳላቅቀው ቆዳዬን ሳብ አደረገኝ።

«አስተግፊሩላህ! ድንጋይ ትልሻለሽ?» አለ ኑርሁሴን።

«ይጠጣል! ኑርሁሴን፣ ድንጋዩ ይጠጣል!» ብዬው የመለኪያ ብርጭቆዬን እዚያው ረስቼ ወጣሁ።

አማከለች እናቷን እያገላበጠች ነበር። «ድንጋዩን ውኃ ውስጥ ነበር ያኖርሽው?» ስላት ትራሱ ከእጇ ወደቀ። መጀመሪያ ክዳኝ ልትሸሽ ነበር። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ከእናቷ አልጋ ሥር ያለውን ቢጫ ጀሪካን በጣቷ አሳየችኝ።

«ጠበል ነው» አለችኝ። «የገብርኤል ጠበል። ለእማማ የማጠጣት።»

ፍተሻው ሲመጣ ዱቄቱን ገልብጠዋል፣ ፍራሹን ቀድደዋል፣ ሣጥኑን ሰብረዋል። አንዱ ጀሪካኑን አንስቶ ከፈተና አሸተተው፤ ምንድን ነው አላት። የታማሚ ጠበል ነው አለችው። ልጁ አማተበና ቦታው መለሰው። አራት ወር ያህል ድንጋዩ እዚያ ተቀመጠ። ሀስና መጣች ሲሏት ብታወጣው፣ እሳቱ ጠፍቷል።

«ጠበሉ ተቆጣ መሰለኝ» አለች እያለቀሰች። «የሰው አደራ፣ ያውም የሙስሊም ንብረት፣ የታቦት ውኃ ውስጥ ነከርኩ። ለሀስና ምን ልበላት? የባሌን ቅርስ አጠመቅሽብኝ ብትለኝስ? ቀለሙን እንዲመልስልኝ ብዬ ሀስና ከጣለችው ወዲያ እንደገና ከትቼው ገብርኤልን ስለምን ነበር።»

«እንደገና ከተትሽው?» ብዬ ሳቄ አመለጠኝ። «ማይ፣ እስከ መቼ ልታጠምቂው ነው?»

ክፉኛ ተቆጣችኝ፤ ደግሞም አላጠፋችም። እጇን ይዤ ወደ አስፋልቱ ወሰድኳት። ከመርሳ መስኖ የወጣ ብርቱካን በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ ይሸጣል። አንዱን ቁልል አሳየኋት። ኦፓል ማለት ይኼ ነው አልኳት፤ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ድቡልቡል ቅንጣቶች፣ ልክ እንዲህ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው። እያንዳንዱ ብርቱካን ውስጡ እንደ ጠርሙስ ግርግር ነው፤ አደራደሩ ግን ሥርዓት አለው። ብርሃን ከየደርቡ እየነጠረ ሲመለስ ቀለም ቀለሙ ይለያያል፤ እሳት የምትሉት እሱ ነው። በብርቱካኖቹ መሀል ደግሞ ክፍተት አለ። እዚያ ውኃ ሲሞላ ብርሃኑ ኳሱን ከውኃው መለየት ያቅተውና ዝም ብሎ ያልፋል። ዘይት የነካው ወረቀት ጥርት እንደሚል ማለት ነው።

«ስለዚህ?» አለች።

«ስለዚህ ሲደርቅ ይመለሳል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

አይደለሁም። መጽሐፍ ላይ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ይህንኑ ነገርኳት፤ ምነው ዋሽተሽኝ በነበር የምትል ይመስል አየችኝ። ስለ ጠበሉ ለሀስና እንዳልነግርባት በእናቷ አስማለችኝ፤ መሐላ የምትፈራዋ ሴት።

ሐሙስ ዕለት ሀስናን ይዤ ኑርሁሴን ሱቅ ገባሁ። ይዣት የሄድኩት ጥሩ ነገር ላሳያት ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት ድንጋዩ ጠመኔ ሆኗል። ጥራቱም የለ፣ እሳቱም የለ፤ ደነዝ ያለ ነጭ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የዚህ ድንጋይ እውነት ግን እያደር ደፈረሰ።

«ማክሰኞ ብርጭቆ፣ ዛሬ ጠመኔ» አለች ሀስና። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የከፋኝ። «ነገ ደግሞ አመድ ይሆንልሻል።»

«እየደረቀ ነው። ግማሽ ውኃ፣ ግማሽ አየር ሲሆን ብርሃኑ መንገድ ይጠፋበታል። ታገሺ።»

«መድረቅ ከሆነ፣ እሳት ይኸው!» ብላ ኑርሁሴን ብር የሚያቀልጥበት ከሰል ላይ ልትጥለው እጇን ስትዘረጋ እጇ ላይ ተጠመጠምኩ። ተጓተትን፤ በሁለት ትልልቅ ሴቶች መሀል ኑርሁሴን ምን ይበል። ውኃው በሙቀት ቸኩሎ ሲወጣ ድንጋዩን ሰነጣጥቆት ነው የሚወጣው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ጮህኩባት።

ለቀቀችኝ። «ቲቸር» አለች፣ «ድንጋዩስ ይቅር። ገንዘብ ሄዶ ይመጣል ኢንሻአላህ። እሷ ለምን ዋሸችኝ?»

ለዚህ የማውቀው መልስ ነበረኝ፤ አፌ ግን በመሐላ ታስሯል። 

ጁምዓ ደረሰ። ሸህ ጀብሪል ከሶላት መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ። ኑርሁሴን ሣጥኑን ታቅፎ መጥቷል። ከሐሙስ ወዲህ አልከፈተውም፤ ፈርቶ ነው።

«እቴ አማከለች፣ መሐላ ከባድ ነው» አሉ ሸህ ጀብሪል። «ሳትገቢበት የምትይው ካለ በይ።»

አማከለች ቆመች። ነጠላዋ የተዋሰችው ነበር። ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ሣጥኑ አየሁ። ክፈቱትና ቀለሙ ከመጣ ያኔ ትናገር ማለቴ ነው። እሷ ግን አልጠበቀችም።

«ዋሽቻለሁ፣ አባ ሸህ» አለች። «አልለወጥኩም፤ ግን ዋሽቻለሁ። ሣጥን አይደለም ያኖርኩት። እናቴ የምትጠጣው ጠበል ውስጥ ነው የከተትኩት። ቀለሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሀስናን ሃይማኖት የነካሁ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሀስና ከተቀመጠችበት ቀስ ብላ ተነሳች።

«የእማማ ጠበል? አልጋው ሥር ያለው?»

«አዎ።»

«ማንንም የማታስነኪው?»

አማከለች ራሷን ነቀነቀች።

ሀስና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ቤትሽ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ቦታ እኮ የለሽም» አለች። «አብሽሪ፣ እህቴ። አብሽሪ።» ሄዳ አቀፈቻት። አማከለች ደረቷ ላይ ተንሰቀሰቀች። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ ለማልቀስ ምክንያት አላጣም።

ሸህ ጀብሪል ጢማቸውን ዳበሱ። «ውኃውንስ ማን ፈጠረውና» አሉ። «መሐላው ቀርቷል። ወዲያ ተነሱ።»

ሊበተኑ ሲሉ ነው ኑርሁሴን ሣጥኑን ያስታወሰን። ከፈተው። ድንጋዩ አሁንም ጠመኔ ነው። ፀሐይ ወዳለበት አወጣሁትና አገላበጥኩት። ምንም የለም። እንደገና ሳዘነብለው፣ በዚያች በጥንት ስብራት ጠርዝ ላይ አንዲት ቀይ ፍም ብልጭ አለችና ጠፋች። ጮህኩ። ሽማግሌዎቹ ተንጋግተው መጡ፤ ሸህ ጀብሪልም ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያገላብጡ ጀመር፤ ከእጃቸው ለመውሰድ መለመን ነበረብኝ። በሳምንቱ እሳቱ ሙሉውን ድንጋይ ያዘው። ሀስና ስታወራ የሰማሁት ሁሉ ሲያንስ ነው።

ያን ዓመት ግን አልሸጠችውም። ጦርነቱ የኦፓል ገዢውን ሁሉ አሽሽቶት ስለነበር፣ ከኮምቦልቻ ዘመዶቿ ጥቂት ጣቃ ጨርቅ አምጥታ ሱቋን በዚያ ከፈተች።

በ2014 ነሐሴ፣ ልክ በዓመቱ፣ ቆቦ ላይ ተኩስ ተጀመረ ተባለ። ከወልድያ የሚመጣው ሰው አስፋልቱን ሞላው፤ መርሳም እንደገና ጓዟን ማሰር ጀመረች። እኔ ሻንጣዬን ስዘጋ ሀስና በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። አማከለች እናቷ አጠገብ ነበረች፤ እሷ አሁንም አትሄድም።

ሀስና መሀረቧን ፈታች። «እዚያው ክተቺው» አለቻት።

አማከለች ጀሪካኑን ጎትታ፣ ወደዚያ ከመክተቷ በፊት ቀለሙ ሲጠፋ እንድናየው ጠበሉን በብርጭቆ ቀዳች። ድንጋዩን የጨመረችው ሀስና ራሷ ናት። ጥቃቅን አረፋ ከውስጡ እየተንተከተከ ወጣ፤ ድንጋዩ መጠጣት ጀመረ። ውጭ መኪና ይጮሃል፣ ሰው ይጣራል፤ እኛ ሦስታችን ብርጭቆው ላይ ተደፍተን ቀረን። ቀዩ ከዳር ደበዘዘ። ከዚያ አረንጓዴው። ብርጭቆው ውስጥ ውኃ ብቻ ያለ እስኪመስል ድረስ ሀስና ንቅንቅ አላለችም።

«በቃ፣ ጠፋ» አለች፣ እፎይ ብላ። የአማከለችን እናት ጉልበት ሳመችና ወደ ልጆቿ ሄደች።